ጭስ የሌለው በርሜል

መቶ አለቃ ሸዋረጋ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትደርስ የጀላል ሬሳ ገና ከሥራ ክፍሉ ወለል አልተነሳም ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም በጥቀርሻ ጠቁሯል። ዘመኑ 1980 ዓ.ም. ነው፤ ነዳጅ በኩፖን እንኳ አይገኝም። ጀላል አሮጌ የፕላስቲክ ጀሪካን በታሸገ በርሜል እያጋለ፣ እንፋሎቱን በቱቦ አቀዝቅዞ የሰፈሩን ወፍጮ የሚያንቀሳቅስ ዘይት ያወጣ ነበር።

«የገዛ ጭሱ አፍኖ ገደለው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላልኝ። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

ሸዋረጋ ተንበርክካ የሟቹን አፍንጫና አፍ ውስጡን በነጭ መሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ጥቀርሻ አልነካውም። ከማጅራቱ በላይ ደም የረጋበት ቁስል አለ። የበርሜሉ ክዳን ተከፍቶ ወድቋል፤ ውስጡ በግማሽ የቀለጠ ቢጫ ጀሪካን ይታያል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ረዳት በሺርን ነው።

«ጀላል በርሜሉ እንደጋለ ይከፍተዋል?»

«ወላሂ አይከፍተውም! አየር ካገኘ ይነዳል። ትናንት እኔ ስወጣ እሳትም አልነበረም። አሁን ጀናዛው ሳይመሽ ይቀበርልን።»

ጎረቤቱ ሐዋ ልጇን አዝላ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ቆማለች። በጭሱ ምክንያት ጀላልን ከስሳው እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ትጠይው ነበር?»

«ልጄ ስታስል እጠላው ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ዘይት ያልሆነውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ እሳቱ መልሶ ያነድደው ጀመር፤ ጭሱ ጠፋ። ክሴንም ከቀበሌ አንስቻለሁ። ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ሦስተኛው እንየው ነው፤ ሥራውን ከጀላል ጋር ጀምሮ በኋላ ከእሱ የተለየ፣ የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው። ቀኝ እጁ ከኮቱ ኪስ አልወጣም።

«እዚህ ግቢ የረገጥኩት ከረመዳን በፊት ነው» አለ። «ሰፈሩን በጭስ ሲያፍን ተው ብዬው ተጣላን። እስከዛሬም አልተወም፤ ይኸው መጨረሻው።»

ሸዋረጋ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጀላልን ጭስ አልገደለውም» አለች። «በዚህ ጥቀርሻ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አፍንጫው ውስጡ ይጠቁራል። ጭሱ ሲነሳ እሱ ሞቷል። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ክዳኑን ከፍቶ ጀሪካኑን አነደደው። ግን ይህ በርሜል መጨስ ካቆመ ቆይቷል። በሺር ያውቃል፤ ሐዋ ታውቃለች፤ ክሷ ስለተነሳ ቀበሌውም ያውቃል። እስከዛሬ የሚያጨስ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ እንየው ዞረች። «እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

እንየው አመነታ። ሲያወጣው በተቃጠሉት ጣቶቹ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ተጣብቋል።

«ለጦሩ ዘይት አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ» አለ። «ከእኔ በርሜል የሚወጣው ሰም ብቻ ሆነ። ትናንት ማታ መጥቼ አሠራሩን አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ለወፍጮ እንጂ ለጦርነት አላወጣም› አለኝ። ባላቀርብ ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቂያለሽ! ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ብረቱን መታው…»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሞላልኝ ጥቂት ቆይቶ ወደ በሺር ጠጋ አለ።

«አንተ አሠራሩን ታውቀዋለህ፣ አይደል? ጦሩ ዘይቱን ይፈልገዋል።»

በሺር የተሸፈነውን ሬሳ አየ። «አላውቅም። ጀሪካን ለቃሚ ነበርኩ።»

ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ሸዋረጋ መለሰ። «እውነቱን ነው?»

ሸዋረጋ ጥቁር የለበሰውን ግድግዳ ለአፍታ አየችው።

«ለቃሚ ምን ያውቃል?» አለች። «በሉ፣ ጀናዛውን አንሱ።»