ጥቁር ወረቀት የለበሰችው ጽጌረዳ

ሠርክአዲስ ግራ ቀኟን ገልመጥ አድርጋ የጥቁሩን ወረቀት ጫፍ ገለጥ ልታደርግ ስትሞክር ጣቷ በስቶት ገባ። ልቧ ድው አለ። ከተቀደደ አይቀር ብላ አጮለቀች። የጽጌረዳዋ እንቡጥ ገና አልፈካም።

«አንች ልጅ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተመላለስሽ! እግርሽ እሳት ረገጠ እንዴ?» አሉ እማማ አስካለ ማርያም ከደጃፋቸው ሆነው።

«ኧረ ምንም አይደል እማማ፣ ጉንዳን እንዳይወጣበት እያየሁ ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ሸሸች።

ከፈረስ ቤት ከተማ ለትምህርት ፍኖተ ሰላም መጥታ በእማማ አስካለ ማርያም ግቢ ከተከራየች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ልጃቸው ባምላኩ ዘጠነኛ ክፍል አብሯት ይማራል። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት በቀሩት በዚያ ግንቦት፣ የባዮሎጂ መምህርታቸው ፋናዬ ለሁለቱ አንድ ጥያቄ ሰጧቸው፤ ቀይ ጽጌረዳ ብርሃን ካላገኘች ትቀላለች ወይ? ባምላኩ ፎቶ ቤት ደጅ ጠንቶ፣ የፎቶ ወረቀት የሚጠቀለልበትን ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ወረቀት አመጣ። ሁለት ቀን ሙሉ እየቆረጠና እያጣበቀ ለሦስት እንቡጦች ልብስ አበጀ። የቀሩትን ሦስቱን ለፀሐይ ተዉአቸው።

«እስኪፈኩ ማንም አይነካቸውም፣ እሺ?» አላት።

«እግዜርን፣ አልነካም!» ብላ ማለች። መሐላዋ ሦስት ቀን አልቆየም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ልቧ ከግቢው አጥር ሥር፣ ከጽጌረዳዋ ዘንድ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱን ገፈፉት። ፀሐይ ያገኙት ደም መስለዋል። ከተሸፈኑት ሁለቱ፣ እጥበት እንደበዛበት ጨርቅ ፈዘዋል። ሦስተኛዋ ግን ፈዛዛ ሆና በአንድ ጎኗ ቀይ ምልክት አውጥታለች።

ባምላኩ ወረቀቱን አገላብጦ ቀዳዳውን አየ። «ሳጥፈው ተቀዶብኝ ነው» አለ ፊቱ ጠቁሮ።

ሠርክአዲስ የተገፈፉትን ወረቀቶች ከመሬት መልቀም ጀመረች።

በማግስቱ መምህርት ፋናዬ አበባዋን በተማሪዎቹ ፊት ከፍ አድርገው ያዙ። «ይቺን የሸፈነው ማነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር። ወረቀቱ ተቀዶብኝ ነው።»

«ለዞን ኤግዚቢሽን የሚቀርብ ሥራ እንዲህ በግዴለሽነት ይሠራል? የነወንዳወቅ ቡድን ሥራ ቢሄድ ይሻላል።»

«ፎረሸ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ባምላኩ አንገቱን ደፋ። ሠርክአዲስ ዝም ካለች ነገሩ በእሱ ስም ያልፋል፤ ማንም አያውቅም። እስክሪብቶዋን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሳች። ከዚያ ሳታስበው ቆማ ነበር።

«ቲቸር፣ የሱ ሥራ ደህና ነበር። ወረቀቱን የቀደድኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን። ቀዳዳው በፀሐይ መውጫ በኩል ነበር።»

መምህርት ፋናዬ አበባዋን እንደገና አዩአት፤ ቀዩን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

ሠርክአዲስ ዞር ብላ ባምላኩን አየችው።

«ነይ፣ የሆነውን ሁሉ ጻፊው» ብለው መምህርቷ ጠመኔ ሰጧት።

ቀኑን ጻፈች። ሰዓቱን ጻፈች። «ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር?» አለ ባምላኩ፤ ድምፁ ገና አልበረደም። እሱንም ጻፈች። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ጉንዳን ብላ ልትጽፍ ትችል ነበር።

«መጠበቅ አቅቶኝ» ብላ ጻፈች።