የሚጢጢ ሳንባ

ሁለት ሴት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገችው እናት፣ ትልቋ ልጇ ምን እንደምትሠራ ጎረቤት በጠየቃት ቁጥር፣ "የሰው ሥጋ ታትማለች" ብላ በኩራት ትመልስ ነበር። ሚጢጢ የሚሏት ታናሽየዋም ቀበል አድርጋ፣ "እንግዲያው ለእራት አንድ ኪሎ አትሚልን!" እያለች ቤቱን በሳቅ ትሞላዋለች። ያ ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም... ሳል ተተካበት። የሚጢጢ ሳንባ ጠባሳ እያበጀ፣ እየደረቀ ሄደ፤ ሐኪሞቹም እስካሁን ያሉት መድኃኒቶች እንደማያድኗት ቁርጡን ተናገሩ። ሞት በስንቱ ደጅ አልፎ ይህችን ባለ አንድ ክፍል ቤት ምን ብሎ መረጣት?

ትልቋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከሚጢጢም ከራሷም ሳንባ ቅንጣት ሥጋ ተወሰደ፤ ሴሎቹን በላቦራቶሪ አራብታ ከዝልግልግ ጄል ጋር ለወሰቻቸው። የማተሚያው መርፌ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ሳንባዎች ሠራ። በትሪው ግራ የታመመው የሚጢጢ፣ በቀኝ ጤነኛው የራሷ። አዲስ መድኃኒት የሚሞከረው በሁለቱም ላይ ነው፤ የታመመውን ማላላቱ፣ ጤነኛውን አለመጉዳቱ እንዲታይ።

አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ ስታይ የግራውን ለስልሶ አገኘችው። አላመነችም! ሥራዋን ጥላ ወደ ቤት በረረች። እናት የምሥራቹን ስትሰማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ ግን ነገሩን ስታጣራ... ለካ ትሪውን ሴሎቹን በሕይወት ወደሚያቆየው ማሞቂያ ስትመልሰው አዙራ አስገብታው ኖሯል! ያየችው የራሷን ጤነኛ ሳንባ ነው። የሚጢጢው እንደደረቀ ነበር።

ቤት ስትገባ ሚጢጢ ፊቷን አይታ ሁሉን ተረዳች።

"ያንቺው ነበር፣ አይደል?"

"የኔው ነበር... ይቅር በዪኝ።"

"ምኑን? ቢያንስ አንዳችን ደህና መሆናችንን አወቅን እኮ" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ለእማ ግን አሁን እንዳትነግሪያት። ትተኛ እስቲ፤ እንቅልፍ ካጣች ስንት ጊዜዋ ነው!"

እናት ያን ሰሞን እንቅልፏን ጠግባ ተኛች። እውነቱን የሰማችው ሚጢጢ ከተቀበረች በኋላ ነው። ልጇን አልተቆጣቻትም፤ ስለ ሥራዋ መጠየቅ ግን ተወች።

ትልቋ ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰች። እህቷ አፈር ለብሳለች፤ የእህቷ ቁራጭ ሳንባ ግን ማሞቂያው ውስጥ በሕይወት አለ፣ ምግቡን ይፈልጋል! በየጠዋቱ "እንዴት አደርሽ፣ ሚጢጢዬ?" እያለች ትቀይርለታለች። ከስንት ሙከራ በኋላ አንዱ መድኃኒት ያንን የደረቀ ሳንባ አላላው። ከዚያ ስህተት ወዲህ ትሪው ላይ ያደረገችውን ምልክት ደጋግማ አየች፤ የሚጢጢው ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስትገባ እናት ዓይኗን አየችና፣ ከዚያን ሁሉ ጊዜ ዝምታ በኋላ ጠየቀቻት።

"ዳነች?"

"ዳነች፣ እማ።"

እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ "ተመስገን" አለች። ዕድል አንዳንዴ የለመኗትን ትሰጣለች... የለማኙ እጅ ከታጠፈ በኋላ። ሚጢጢ የሞተች ዕለት እንኳ የዚያን ቀን ያህል አላለቀሱም ነበር።