የበዓለ ሃምሳ ጾም

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ቃል ግቢልኝ» አለ ስለሺ።

ከኮምቦልቻ ሆስፒታል ወደ ደሴ እየተመለሱ ነው፤ ሚኒባሷ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተች ትወጣለች። ሐኪሙ የተናገረውን እህቱ ወንጌላዊትም ከጎኑ ቆማ ሰምታለች። «መራመድ ትራመዳለህ፤ ማራቶን ግን በቃ» ነው ያለው። ስለሺ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በ1997 ውጭ አገር ማራቶን አሸንፎ ሲመለስ ደሴ በመኪና ጥሩምባ ነበር የተቀበለችው።

ወንጌላዊት አስራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ለዚህ እንዴት እንደበቃ ታውቃለች። ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ ይህንኑ ዳገት ሲሮጥበት ከርሟል። የንስሐ አባቱ እንኳ «ብላ፣ ፈቅጄልሃለሁ» ቢሉት እምቢ አለ። በመጨረሻ የዳሌው አጥንት ተሰነጠቀ። አሁን በመስኮቱ መንገዱን ብቻ ያያል።

«እሺ፣ አልነግራትም» አለችው።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው አትጠገብ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች።

«ምን አለ ሐኪሙ?»

«ይድናል አለ። ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው።» ስለሺ ቀና ብሎ አላያትም።

የአትጠገብ ፊት በራ። ደጋግማ አጎረሰችው፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም። ትናንትም ምሳ አልበላችም ነበር። ወንጌላዊት ሳህኖቹን ይዛ ጓዳ ተከተለቻት።

«እማ፣ ምሳ አትበዪም? በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ማን ይጾማል?»

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አለች እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ። «ለገብርኤል ተስያለሁ። ስለሺ ዳግም እስኪሮጥ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም። ስለት አይወራም፤ ለሱ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ጨጓራሽስ?»

«ይድናል ተብሎ የለ? ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ።»

ወንጌላዊት ሳህኖቹን አስቀመጠች። ይህ ጾም ማብቂያ የለውም፤ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ለአንድ ሆድ ሁለት ምስጢር በዛባት። ለእናቷ ብትነግራት የወንድሟን ቃል ታፈርሳለች፤ ዝም ብትል እናቷ አልጋ ላይ ልትወድቅ ነው። ከሁሉም ይልቅ እናቷ እውነቱን ከራሱ ከስለሺ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብላ አሰበች።

ወጥታ ስለሺ ጋደም ያለበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስለሺ፣ እማዬ እየጾመች ነው።»

«በሃምሳው? የምን ጾም?»

«ያንተ። እስክትሮጥ ድረስ ብላ ተስላለች።»

 ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ስለሺ።

«ሰባት ተኩል።»

ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ደግፊኝ፤ ምሳ ሳያልፋት ራሴ ልንገራት» አላት።

ወንጌላዊት ትከሻዋን ሰጠችው፤ ቀስ እያሉ ወደ ጓዳው ሄዱ።