በቀን የነቃው ሞተር

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘች የአዋሽ ወንዝ ሽቅብ ይፍሰስ! እንኳን ሰው፣ ከገደሉ አፋፍ የሚውሉት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ይመሰክራሉ።

ጊዜው ግንቦት ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነው፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቁራ እየበረረ ተጠብሶ የሚወድቅበት ወር። ሌባ ስሙን ሲሰማ ራሱን በገመድ አስሮ የሚጠብቀው መርማሪ፣ ሻምበል ጥሩሰው፣ ወደ መልካ ወረር ጥጥ እርሻ የሚወስደውን መኪና በጣቢያው ሆቴል እየጠበቀ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ከሚሽከረከረው ማራገቢያ ሥር አራተኛ ቢራውን ሲያስከፍት አንድ ፖሊስ እያለከለከ ገባ።

«ጌታዬ፣ ወልደገብርኤል ሞተ! ከመብራት ምሰሶው ሥር ወድቆ ተገኘ!»

ሟቹ በጀርባው ተዘርሯል። ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል። አጠገቡ የወደቀ መሰላልና እጀታው ቀይ ቀለም የተቀባ ፒንሳ አለ። ከራሱ በላይ ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጫፋቸው ተጠምዝዞ ከተያያዘ በኋላ የተበጠሰ ይመስላል። ግቢው አንድ፣ ቤቱ ሁለት፣ ቆጣሪው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«እኅቱ ነኝ» አለች ውብነሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። «ቤቱን ያወረሰን አባታችን ነው። ወንድሜ ግን ‹ቆጣሪው በስሜ ነው› ብሎ መስመሬን ቆረጠው። ሁለት ዓመት ተሟግቼ ባለፈው ሳምንት ተፈረደልኝ። በዐሥር ቀን ውስጥ እንዲቀጥልልኝ ታዟል።»

«ጠልተሽው ነበር?»

«ሁለት ዓመት በኩራዝ ያስቀመጠኝን ልሳመው ኖሯል?» አለችና እንባዋ ቀደማት።

የእሷ ተከራይ ዑመር ለስላሳ መጠጥ ነጋዴ ነው። «ወላሂ፣ ሻምበል፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ዱዳ የሆነው ማቀዝቀዣዬ በድንገት አጉረመረመ! ‹አልሐምዱሊላህ› ብዬ ሳልጨርስ ጸጥ አለ፤ ወዲያው የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ቢሆን ነው። የገረመኝም እሱ ነው። የከተማው የመብራት ሞተር ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት በፊት ተነሥቶ አያውቅም።»

የሻምበሉ ጆሮ እንደ ቀበሮ ቆመ። አዋሽ ቀን ቀን ሽቦ የሚፈራ የለም። ሞተሩ ይተኛላ! ወንዱ ባዶ እጁን ይጠግነዋል፤ ሴቷ ቋንጣ ታሰጣበታለች።

ሞተረኛው ጉግሳ የሟቹ የሃያ ዓመት ወዳጅ ነው። ይሁን እንጂ በችሎት ለውብነሽ መስክሯል፤ «አባታቸው ባዘዙኝ መሠረት ለሁለቱም ቤት መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» ብሎ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወልደገብርኤል «ይሁዳ» እያለ ይጠራው ነበር።

«ሞተሩን በዘጠኝ ሰዓት ያስነሣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ጉግሳ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ሰው ለምኖኝ።»

«ማን?»

«ስሙን አላወጣም ብዬ ምያለሁ። እንጀራው የሚቋረጥ ሰው አለ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻምበሉ ሁሉንም ከግቢው ግራር ሥር ሰበሰበ። ከተማው እንዳለ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ባቡሩ ራሱ ሊሰማ ቆሟል ይባላል።

«ውብነሽ አልገደለችም» ብሎ ጀመረ፣ ጢሙን እየጠመዘዘ። «ሽቦው ተጠምዝዞ ነበር። ማቀዝቀዣውም አጉረምርሟል። እንግዲያው ወንድሟ ፍርዱን ተቀብሎ መብራቷን እየመለሰላት ነበር የሞተው።»

ውብነሽ ነጠላዋን ነክሳ ተቀመጠች።

«ዑመርም አይደለም፤ ማቀዝቀዣው እንዲሠራለት የሚጸልይ ሰው መስመሩን የሚቀጥልለትን አይገድልም። የገደለው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚያዝዘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ፒንሳ የሚያውቅ አለ?»

«የሞተር ቤቱ ነው» አለ ዑመር። «እጀታውን ቀይ የሚቀባው ጉግሳ ነው።»

«ራሱ ነው ያዋሰው! ወዳጁ በዚያ ቀን ሽቦ እንደሚነካ ያውቃል። ይሁዳ የተባለበትን ቂም ይዞ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በቀን አስነሣው!»

«ፒንሳውን ጠዋት ነው የሰጠሁት» አለ ጉግሳ። «እስከ ቀትር የጨረሰ መስሎኝ ነው። ውብነሽ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ…»

«በችሎት ለእኔ ቆመህ ከኋላ ወንድሜን በላኸው!» ብላ ፊቷን አዞረችበት። ጉግሳ ዙሪያውን ቢያይ ዐይኑን የሚያይለት ጠፋ፤ እስከ ትናንት ድረስ «ጋሼ ጉግሳ፣ መብራት እንዳታጠፋብን» ይሉት የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

«ለዚህ የሚጠብቅህ ገመድ ነው» አለ ሻምበሉ፤ ፖሊሱም ካቴናውን አወጣ።

በዚህ ጊዜ የሆቴሉ አስተናጋጅ ከድጃ ከሰዉ መሐል ቀስ ብላ ወጣች። ድምፅዋ ከትንኝ አይበልጥም ነበር፤ ግን ግራሩ ሥር ያልሰማት አልነበረም።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ» አለችና ወደ ሻምበሉ ዞረች። «የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ጌታው። ትናንት ስምንት ተኩል ሲሆን ‹ይህ ማራገቢያ ለጌጥ ነው የተሰቀለው? አሁኑኑ ካልዞረ ከሥራሽ አስባርርሻለሁ› አሉኝ። የአዲስ አበባ ሰው ነዎት፤ መብራታችን ቀን ቀን እንደሚተኛ አያውቁም። ልነግርዎ ፈርቼ ሞተር ቤት ሮጥኩ፤ የጋሼ ጉግሳ እግር ላይ ወደቅኩ።»

የሻምበሉ እጅ ጢሙ ላይ ቀረ።

«ማራገቢያው ሲዞር» አለች ከድጃ፣ «‹እግዜር ይስጥሽ› ብለውኛል።»