ግማሹ የወረደ ምዕራፍ

ማህጁብ ስሜን እንኳ በቅጡ ሳይዝ በጥፊ አጮለኝ።

አሶሳ፣ የትያትር ተማሪዎች ነን። መምህራችን የመድረክ ድብድብ የሚያስተምር መጽሐፍ በቴሌግራም ለቀቀልን። ፋይሉ ከባድ፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንካፈላለን፤ አንዱ የምዕራፉን መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻውን ያወርድና ኋላ እንለዋወጣለን። እኔና ማህጁብ ሳንለዋወጥ ልምምድ ገባን። እጅ እንዴት እንደሚሰነዘር እሱ አንብቧል። ጉንጭ ሳይነካ እንዴት እንደሚያልፍ ደግሞ እኔ ስልክ ላይ ነበር፤ ያውም ሳላነበው!

ጆሮዬ ጮኸ። እኔም አልማርኩትም፣ ቅልጥሙ ላይ እርግጫ አቀመስኩት።

«ስርጉት፣ ወላሂ አላወቅኩም! ይቅርታ...»

«ይቅርታህን ለራስህ!»

እያነከሰ ሲሄድ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እዚያው ወደድኩት፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን አብረን አነበብን። ድብድባችን እውነት እስኪመስል ድረስ ተካንን። መዘዙም ከዚሁ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ማህጁብ ፀጉሬን ጨብጦ መሬት ላይ ሲጥለኝ፣ እኔም ስጮህ፣ ታላቅ ወንድሜ ወንድምአገኝ ደረሰ። ከፓዌ ሊጠይቀኝ መምጣቱ ነው። ገበሬ ነው፤ ትያትር አይቶ አያውቅም።

«ተው! ልምምድ ነው!»

አልሰማኝም። በዱላው ደጋግሞ መታው። የማህጁብ ክንድ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ከግንባሩ የወረደው ደም ሸሚዙን አራሰው።

በማግስቱ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሆስፒታል በር ላይ ቆመ። የማህጁብ ወንድም አልአሚን ገጀራ ይዞ መጣ።

«አንተ ነህ የሰበርከው?»

«እኔ ነኝ።»

ገጀራው ከፍ አለ። ማህጁብ ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ ከውስጥ ሮጦ መሃላቸው ገባ።

«አልአሚን! ይሄ ሰው የልጆቼ አጎት ነው! ከነካኸው ወንድምህ አይደለሁም!»

«የምን ልጆች?» አለ አልአሚን ግራ ተጋብቶ።

ማህጁብ ወደ እኔ ዞረ። አግቢኝ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም! እንኳን ልጅ፣ ገና እወድሃለሁ አላልኩትም!

«የእኛ ልጆች...» አልኩ።

አልአሚን ገጀራውን ጣለ። ባለፈው ጥር ማዘጋጃ ቤት ስንጋባ፣ ምስክር ሆነው የፈረሙልን ሁለቱ ወንድሞቻችን ናቸው።