የማትነሳው ላንድሮቨር

ቦጋለ ከምሳ በኋላ ሞተ፤ ላንድሮቨሯ ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ። ከፖሊስ ጣቢያ መቶ አለቃ አጸደ ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የሚያለቅስ ግን የለም። መጀመሪያ የገረማት ይሄ ነው። ጉለሌ ውስጥ ሰው ሞቶ ለቅሶ የማይሰማበት ቤት አይታ አታውቅም።

ኅዳር 1970 ነው። ከቁስቋም የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰረስራል።

ሬሳው ቤት ገብቷል። ጋራዡ በር ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቆሟል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር መዝገቡ። ሹፌሩን በድሉን የፊጥኝ አስሮ እግሩ ሥር አስቀምጦታል።

«ዘገየሽ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አላት። «ነገሩ አልቋል። ይሄ ሰውዬ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ዘግቶበት ሄደ። ጭስ ገደለው። ያገኘው ወንድሙ ስብሐት ነው። ስብሰባዬን ጨርሼ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«የት?»

«የት እንደሚወሰድ ጠፍቶሽ ነው?»

አልጠፋትም። ከዚያ የተመለሰ ሰው አታውቅም።

«ሐኪም አይቶታል?»

«ከጳውሎስ ሆስፒታል መጥቶ አይቷል። ጭስ ነው ብሏል። ጭስ ደግሞ ከመኪና ይወጣል እንጂ ከሰማይ አይወርድ! ያሳዝናል፤ ሰውየው ነገ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው አጋልጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም። ነገ ትሰማለህ ነው ያለኝ።»

«በል ስብሰባህን ጨርሰህ ና። እጁን ፍታው።»

«ቢያመልጥስ?»

«እኔ አለሁ።»

«ካመለጠ አንቺ ትተኪዋለሽ» አለና ገመዱን ፈትቶ ወጣ።

አጸደ በድሉን አስነሳችው። ጎልማሳ ነው፤ እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«ሞተሩን አስነስተኸው ነበር?»

«ኧረ አላስነሳሁም እትዬ! አትነሳም እኮ። ተበላሽታለች። ለሚሊሺያ ስንቅ ማመላለሻ ትፈለጋለች ተብሎ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ባለፈው ሳምንት ሞክረው አቅቷቸው፣ ሞታለች ብለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጻፉ።»

«በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ። ጋሼ ናቸው ዝጋው ያሉኝ፤ ለነፋሱ። ሁሌ ከምሳ በኋላ እዚህ ውስጥ ነው የሚተኙት። አረቄም ይቀማምሳሉ። ከዚያ በኋላ መድፍ ቢተኮስ አይሰሙም።»

«ቤት አልጋ የለም?»

በድሉ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ።

አጸደ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። አዞረችው። ማስነሻው ሞተሪኖ በጉልበት ዞረ፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ሞተሩ ግን አልነሳም። ደገመችው። ያው ነው።

አባቷ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። የናፍጣ ሞተር ሲያኮርፍ ምን ምን እንደሚታይ ታውቃለች።

«ባትሪው ጤነኛ ነው። ናፍጣ አላት?»

«አላት።»

አላመነችውም። ታንኩ ውስጥ እንጨት ሰደደች፤ እስከ ግማሹ ረጥቦ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተች። መፍቻ ተቀብላ የናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ያለችውን ብሎን አላላችና በድሉን ቁልፉን እንዲያዞር አዘዘችው። ናፍጣ ፊጭ ማለት ነበረበት። የወጣው አየር ብቻ ነው።

«ታንኩ ውስጥ ናፍጣ አለ። ሞተሩ ጋ ግን አይደርስም። መንገድ ላይ የት ነው የቀረው?»

በዚያ ብርድ በድሉን ላብ አጠመቀው። «እኔ ምን አውቄ።»

«ታውቃለህ። ቆይተህ ትነግረኛለህ።»

የኋላውን በር ከፈተች። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው የጎማ ምንጣፍ ሦስት ቦታ ቀልጧል፤ እያንዳንዱ አውራ ጣት ያህል። ዞር አለች። ከጭስ ማውጫው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ የጥጥ ድር ከካስማ ካስማ ተወጥሯል። ሸማኔ ቤት ነው፤ ቦጋለ የሸማኔዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነበር።

«ይሄ መቼ ነው የተወጠረው?»

«ትናንት። እትዬ ሰርኬ ናቸው የወጠሩት።»

ጣቷን ድሩ ላይ አሳለፈችና ጣቷን አየች።

ሰርኬ፣ የሟች ሚስት፣ ቤት ውስጥ ጥጥ ትፈትላለች። ባሏ ጓዳ ተጋድሟል፤ እንዝርቷ ይሾራል።

«ባልሽ እኮ ሞቷል» አለቻት አጸደ።

«አይቻለሁ።»

«አታለቅሽም?»

«የእኔ ለቅሶ ግንቦት ላይ አለቀ። ወንድሜን አዲሳለምን ከዚህ ቤት አውጥተው ነው የገደሉብኝ። እዚህ መደበቁን የምናውቀው እኔና እሱ ነን።» በአገጯ ወደ ጓዳው ጠቆመች። «እኔ አልተናገርኩም። እንግዲህ ማን ቀረ?»

«ጠይቀሽዋል?»

«ምን ብዬ? ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልመለስኩለትም። ምሳ አቀርባለሁ፤ በልቶ ወደ መኪናው ይሄዳል። ይሂድ።»

«የባልሽ ወንድም ስብሐትስ አያውቅም ነበር?»

«እሱ ጓሮ ነው የሚኖረው። ወንድሜን አላየውም።»

«አንቺ ነሽ የገደልሽው?»

ሰርኬ ሳቀች፤ የማያምር ሳቅ። «ብፈልግ በወጥ እገድለው ነበር። ምን ጭስ አስጎተተኝ?»

«መኪናዋ እምቢ አለችኝ። ብል ብል አትነሳም።»

«በድሉ ካልከፈተልሽ እስከ ጥምቀት ብታዞሪያት...» እንዝርቱ ቆመ።

«ምኑን ነው የሚከፍተው?»

«በሩን።»

«በሩማ ክፍት ነው» አለችና ወጣች።

የስብሐት ክፍል ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ መሃላቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ። የቦጋለ ታናሽ ወንድም ነው። ወንበር ጠረገላት፤ አልተቀመጠችም።

«እንዴት አገኘኸው?»

«እ... ማለቴ፣ ከምሳ ጀምሮ ሞተሩ ሲንጫጫ ነበር። ጆሮዬን ነው የበላኝ። ኋላ ጭሱ ሲበዛብኝ ሮጬ ገባሁ። ጋሼ ተደፍቷል! ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁት፤ በሩን በረገድኩት፤ ጮህኩ።»

«በቁልፉ ነው ያጠፋኸው?»

«ታዲያ በምን ላጥፋው፣ በውሃ?»

«በድሉ ተበላሽታለች ይላል።»

«ውሸታም! ቅዳሜ ሲያስነሳት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለጓድ መዝገቡም ዛሬ ሲመጣ ነግሬዋለሁ። እናት አገር ተወርራ እነሱ መኪና ይደብቃሉ። ጋሼ ወንድሜ ነው፤ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ።»

«ጎበዝ። እውነት ትወዳለህ።»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም። አጸደ ክፍሉን ቃኘች። ጥግ ላይ ባለሦስት እግር የከሰል ምድጃ አለ።

«ብርድ ነው እዚህ። ዛሬ አላነደድክም?»

«ከሰል ከጨረስኩ ሰንብቻለሁ።»

ምድጃውን ገለበጠችው። እግሮቹን በጣቷ ነካካች፤ ጣቷን አሸተተች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለ ስብሐት።

«ጥሩ ምድጃ ነው።»

መዝገቡ ሁለት ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። አጸደ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰርኬ በር ላይ ቆመች፤ እንዝርቷ እጇ ላይ ነው።

«ቶሎ በይ» አለ መዝገቡ። «ይሄን ሰውዬ ልውሰደው።»

«አፍህን ዝጋና ስማ። ሁለት ጊዜ አልናገርም።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ።

«ይሄ ድር ትናንት ነው የተወጠረው። ጭስ ማውጫው አፍንጫው ሥር ነው። የናፍጣ ሞተር እዚህ ከምሳ ጀምሮ ሲሠራ ቢውል ምን ይሆን ነበር? እዩት። እንደ ቅዳሴ ልብስ ነጭ ነው። ሞተሩ ዛሬ አልሠራም።»

«ሐኪሙ እኮ ጭስ ብሏል!»

«ከሰልም ጭስ አለው። የተኛ ሰው የማያየው ጭስ።» የኋላውን በር ከፍታ የቀለጡትን ሦስት ቦታዎች አሳየች። «የጋመ ምድጃ እዚህ ቆሟል። ሰውየው መስኮቱን ዘግቶ፣ አረቄ ቀምሶ ተኝቷል። አልነቃም። ከሞተ በኋላ ምድጃው ወጣ፤ መኪናዋ ገደለችው ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሱን ነው የምልህ። በመኪና ጭስ የሚያመካኝ ሰው መኪናዋ ደህና እንደሆነች ማወቅ አለበት። ዛሬ እንደማትነሳ ግን አያውቅም። ቢያውቅማ ሌላ ውሸት ይፈልግ ነበር። አንተን ልጀምር። ሞታለች ብለህ ለከፍተኛው ሪፖርት አድርገሃል። በሞተች መኪና አታመካኝም።»

«እኔንም ጠርጥረሽ ነበር?»

«አሁንም ደስ አትለኝም። ሰርኬ ለምን እንደማትነሳ ታውቃለች፤ አምልጧት ነግራኛለች። በድሉ ደግሞ ከሁላችሁ በላይ ያውቃል። እነሱ ቢሆኑ መጀመሪያ ይከፍቱት ነበር።»

«ምኑን?» መዝገቡ ጆሮው ቆመ።

በድሉ መሬት መሬቱን አየ። ቢናገር የዘመቻ አሻጥር ነው፤ ባይናገር ነፍሰ ገዳይ። ሁለቱም የሚያደርሱት እዚያው ነው።

አጸደ ወደ መዝገቡ ተጠጋች። «አሁን የሚታየውን አሻጥር ብለህ ከጻፍክ፣ እኔም መርምሮ ሞታለች ያለው ማን እንደሆነ እጽፋለሁ። ካልጻፍክ አልጽፍም።»

መዝገቡ ጠባቂዎቹን አየ፤ እሷን አየ። «ቀጥዪ።»

«በድሉ፣ በል።»

በድሉ የፊቱን ወንበር አነሳ። ከታንኩ የሚወጣው ቱቦ ላይ፣ በቡትቶ የተጠቀለለች ትንሽ መዝጊያ አለች።

«ጋሼ ናቸው አስገጥማት ያሉኝ» አለ። «ይቺ ከተዘጋች ናፍጣ አያልፍም። ዕለቱን ሙሉ ብትዞር አትነሳም። ቅዳሜ ባትሪዋ እንዳይሞት ከፍቼ አስነሳኋት። መልሼ ዘግቼ እስክትጠፋ ጠበቅኳት።»

«እንግዲህ» አለች አጸደ፣ «ቅዳሜ ስትነሳ ሰምቶ፣ ይቺን መዝጊያ ግን የማያውቅ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ስብሐት ዞሩ።

«እኔ? ወንድሜን?» ጮኸ። «ሞተሩን በዚህ እጄ ነው ያጠፋሁት! ከሞተ በኋላ በድሉ ዘግቶት ይሆናላ!»

«በድሉ፣ አስነሳት።»

በድሉ መዝጊያዋን ከፈተ፤ ናፍጣውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጎ አየሩን አስወጣ፤ ብሎኗን አጠበቀ፤ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ ሳለች፤ ሁለቴ ሳለች፤ ተነሳች። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ደመና ቱፍ አለ። ሲበተን፣ ነጩ ድር መሃሉ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል።

አጸደ ስብሐትን በትከሻው ወደ መስኮቱ ገፋችው።

«አጥፋት። እንዳጠፋኻት አድርገህ።»

ስብሐት እጁን አስገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሥራውን ቀጠለ። ቁልፉን ነቀለው። ሞተሩ አሁንም ይንደቀደቃል። ስብሐት ቁልፉን እጁ ላይ ይዞ ቆመ።

«ይቺ የቤንዚን መኪና አይደለችም» አለች አጸደ። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ ሳበቻት፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። «በዚህች ነው የምትጠፋው። በቁልፍ አጠፋሁ ያልከኝ ሞተር ተነስቶም አያውቅ። የምድጃህም እግር የቀለጠ ጎማ ይሸታል።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

አጸደ ወደ መዝገቡ ዞረች። «አዲሳለም እዚህ ቤት መደበቁን ማን ነው የነገረህ?»

መዝገቡ ዓይኑ አመለጠው፤ ስብሐት ላይ አረፈ። ሰርኬ አየችው።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔን ሊወስዱኝ ነበር!» አለ ስብሐት። «አንድ ሰው ስጥ አሉኝ። አዲሳለምን ልብስ ሲያሰጣ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። ጋሼ ሰሞኑን ደረሰበት። ነገ በሰው ፊት ስሜን ሊጠራ... ምን ላድርግ? ምን ላድርግ!»

መዝገቡ በድሉን ያሰረበትን ገመድ ከመሬት አንስቶ ለጠባቂዎቹ ወረወረ። ስብሐትን አሰሩት። ሊወጡ ሲሉ መዝገቡ መኪናዋን ዳሰሳት።

«ጥሩ ሞተር አላት» አለ።

«ሞታለች» አለች አጸደ። «አንተ ነህ ያልከው። ስብሐትን ደግሞ የምወስደው እኔ ነኝ፤ ወደ ጣቢያ። በእግሩ።»

መዝገቡ ተራግሞ ወጣ። በድሉ መዝጊያዋን ዘጋ፤ ቡትቶውን ጠቀለለባት።

ሰርኬ የጠቆረውን ድር ከካስማው ፈታች።

«ድርሽን አበላሸሁብሽ» አለቻት አጸደ።

«ዛሬ ምሳ ሳቀርብለት» አለች ሰርኬ፣ ያልተጠየቀችውን፣ «"ነገ ትሰሚያለሽ" አለኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። ፊቴን አዞርኩበት።»

ድሩን እጇ ላይ ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች። የጓዳው በር ሲከፈት ተሰማ። አጸደ ስብሐትን ይዛ ከአጥር ሳትወጣ የሰርኬ ጩኸት ከኋላዋ መጣ፤ ከዚያ የጎረቤት ሴቶች፣ እስካሁን ከንፈራቸውን ነክሰው የቆሙት፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተከትለዋት ገቡ።