የንጉሡ ሳል

ይታየው ፀዳ ከተማ ውስጥ በተከራየው ቤት ሳሎን በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ቦርሳው አጠገቡ ወድቋል፤ መጻሕፍቱ፣ ቁልፉ፣ መነጽሩ ሳይቀር ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል። የአስም ፓፉ ብቻ ቦርሳው ውስጥ ነው።

ኢንስፔክተር ውቢት ቦርሳውን ደጋግማ አየችው። ሰው ይዋሻት እንደሁ እንጂ ዕቃ ዋሽቷት አያውቅም። ከዚያ ጠረጴዛውን ከበው ወደተቀመጡት ሦስት ጓደኞቹ ዞረች።

«ስንጫወት ሞተ አላችሁኝ። ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

የላቦራቶሪ ባለሙያው ምንይችል መለሰ። «ይታየው ተረቱን ይመራል። ‹ዋሻ ደረሳችሁ፣ ዘንዶ ወጣባችሁ› ይለናል። እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፤ መሳካቱን ይኼ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስናል። እኔ ጦረኛ ነኝ፣ አቢ አስማተኛ፣ ልዕልት ፈዋሽ።»

«ዘንዶውንስ ማን ይሆናል?»

«እሱው፤ ድምፁን እየቀያየረ። ዛሬ የተመረዘ ንጉሥ ነበር። ሲያስል፣ ጉሮሮውን ሲይዝ፣ እንዴት ሸጋ አድርጎ ይሠራዋል ብለን አጨበጨብንለት።»

ማንም ቀና አላለም። እያጨበጨቡለት ነው የሞተው፤ ይህን የትኛውም ምርመራ ከላያቸው አያነሣላቸውም።

«ቦርሳውን ሲዘረግፍ እንኳ» አለ መሐንዲሱ አቢ፣ «ንጉሡ ማርከሻ የሚፈልግ መሰለን። ልናድነው እኔና ምንይችል ዳይስ ወረወርን። ዋናዋ ግን ፈዋሿ ናት። ‹ልዕልት፣ ወርውሪ!› ብንል ብንጮኽ አልወረወረችም።»

«ደንግጬ ነው» አለች ልዕልት።

ውቢት ወንበር ስባ መካከላቸው ተቀመጠች።

«እንግዲህ ስሙኝ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቦርሳውን የሚዘረግፈው ፓፉን ፍለጋ ነው። በጊዜው ቢኖር ከመነጽሩ ጋር ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ይታየው ከወደቀ በኋላ የመለሰው ሰው አለ። ጨዋታ የመሰላቸው ሁለቱ ወረወሩ። እየተጮኸባት ያልወረወረችው ግን ጨዋታ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ቦርሳው ውስጥ ፓፍ እንደሌለም ታውቃለች። ምነው ልዕልት?»

ልዕልት አላለቀሰችም።

«ልጄ ፅዮንም በአስም እየታፈነችብኝ ነው። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት መግባት ካቆመ ወዲህ ከአራዳ እስከ አዘዞ ያልጠየቅሁት ፋርማሲ የለም። ከጨዋታው በፊት ፓፉን ከቦርሳው አወጣሁና ቤት ሄጄ ነፋሁላት። ልመልሰው ስል ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ሲያስል ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር። ሌባ እንዳልባል፣ ዓይናቸውን እስኪያነሡልኝ ጠበቅሁ። ትንሽ ነው የጠበቅሁት።»

«ብትጠይቂው ምን ነበረበት?» አለ አቢ።

«ጠየቅሁታ። ‹ለእኔም እያለቀብኝ ነው› አለኝ።»

ውቢት ፓፉን ከቦርሳው አውጥታ ለማስረጃ ላስቲክ ውስጥ ልትከት ስትል ልዕልት ተንበረከከች።

«እኔን ውሰዱኝ፣ እመቤቴ። እሱን ለፅዮን ተዉላት። ማታ ማታ ይብስባታል።»

ውቢት በሥራ ዘመኗ ማስረጃ አጉድላ አታውቅም። ዛሬ ግን ሕጉ ገደል ይግባ አለች በልቧ። መሥራቱን ለማየት ፓፉን ነቅንቃ ተጫነችው። ምንም አልወጣም። ደግማ ተጫነችው።

«ባዶ ነው» አለች።

ልዕልት ፓፉን ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እኔው ነኝ የጨረስሁት» አለች። ቀጥላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ዛሬ ማታስ?»